ለዓሣ ገንዳ የሚሆን መብራት በጥቂት ገንዘብ ስለ መሥራት

ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን በሳሕን ቀርቦ በሎሚና በሚጥሚጣ የሚበላው ጥብስ ነው እንጂ በመስተዋት ቤት ውስጥ እየዋኘ ዓይንን የሚያስደስተው አይደለም። ይሁን እንጂ በከተማችን በአንዳንድ ምግብ ቤቶች፣ በክሊኒክ ማረፊያዎችና በጥቂት ሰዎች ሳሎን አኳሪየም የሚባለውን የመስተዋት ገንዳ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። አንባቢ ሆይ፣ እንዲህ ካለው ገንዳ ፊት ቆመው እንደ ሆነ አንድ ነገር ሳያስተውሉ አይቀሩም። ገንዳው መብራት ሲኖረው ሕይወት ያለው ሥዕል ይመስላል፤ መብራት ከሌለው ግን በጥግ የተረሳ የውሃ በርሜል ነው።

እኔም እንዲህ ያለ ገንዳ አለኝ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱም 30 ሳንቲሜትር ሲሆን፣ እስከ አፉ ቢሞላ 54 ሊትር ይይዛል። በገንዘቤ የገዛሁት እንዳይመስልዎ። አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች፣ አንድ የአየር መንፊያና ጥቂት የውሃ ተክል ጨምራ በአደራ የተወችልኝ ነው። አደራ ደግሞ ከባድ ነገር ነው፤ በተለይ የአደራው ዕቃ ራበኝ ወይም ጨለመብኝ ብሎ መናገር የማይችል ሲሆን። የምኖረው በኪራይ በያዝሁት ሰርቪስ ቤት ስለ ሆነ፣ ክፍሌም አልጋና ጠረጴዛ ከገባበት በኋላ ለሌላ ነገር ስፍራ ስላልተረፈው፣ የቤቱ ባለቤት እማማ ገንዳውን በሳሎናቸው ጥግ እንዳኖረው ፈቀዱልኝ። የፈቀዱትም ለእኔ ብለው ሳይሆን፣ ዓሦቹን ባየ ጊዜ ከፊታቸው አልነሣም ብሎ ላለቀሰው የ6 ዓመት የልጅ ልጃቸው ሲሉ መሆኑን ኋላ ተረዳሁ።

የእማማ ሳሎን ግን ጨለማ ነው። ያለው አንድ መስኮት ሲሆን እርሱም የጎረቤትን ግድግዳ ያያል። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የተክሎቹ ቅጠል ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ መርገፍ ጀመረ፤ የዓሦቹም ወርቃማነት እየፈዘዘ ሄደ። ወርቃማ ዓሣ ብርሃን ሲያጣ መልኩ እንደሚገረጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለገንዳ ተብሎ የተሠራ መብራት ለመግዛት ሄጄ ዋጋውን ብጠይቅ፣ ሻጩ የነገረኝ ከወር ደመወዜ ሢሶውን የሚያልፍ ሆነ። በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የያዘ ሰው ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ያውቀዋልና አልተርከውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ዛሬ ስጽፈው ያሳፍረኛል። ከሰፈሩ ሱቅ 15 ዋት የሆነ ኢኮኖሚ አምፖልና አንድ የአምፖል ማቀፊያ ገዛሁ፤ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ በምስማር በስቼ እንደ ባርኔጣ ደፋሁበት፤ ከዚያም በቀጭን ሽቦ አስሬ ከውሃው በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጌ ከግድግዳው ምስማር ላይ አንጠለጠልሁት። የገመዱን መጋጠሚያ በእጄ ጠምዝዤ በፕላስተር ጠቀለልሁ። ሥራው ሁሉ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ገንዳው በርቶ በታየ ጊዜ እማማ እልል ለማለት ምንም አልቀራቸውም፤ እኔም ለሥራ ባልደረቦቼ ብልሃቴን እያወራሁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ኮራሁ።

በክረምቱ ወራት በአንድ ሐሙስ ቀን ወደ ማታ ከሥራ ስመለስ በሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶ ነበር። ወደ ሳሎኑ ስገባ ትንሹ ልጅ በበርጩማ ላይ ቆሞ፣ ሁለቱን እጆቹን እስከ ክርኑ ድረስ በገንዳው ውስጥ ከቶ አየሁት። ጣሳው ከነአምፖሉ ውሃ ውስጥ ወድቋል። ከውሃው የሚነሣው እንፋሎት ያንን ቀጭን ሽቦ ቀን በቀን ሲያዝገው ቆይቶ በጥሶታል።

«ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጮኽሁ።

«መብራታቸው ሰጠመባቸው፤ ላወጣላቸው ነው» አለኝ።

ስፒናው በሶኬቱ እንደ ተሰካ ነበር። ነቅዬ ጣልሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መብራት መጣ።

በመብራት መጥፋት የማያማርር የከተማ ሰው የለም፤ እኔም ከሚያማርሩት አንዷ ነኝ። የዚያን ዕለቱ ግን ስለ መጥፋቱ አምላኬን አመሰገንሁ። የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ለእማማ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ «ልጄ፣ ዓሦቹን ውሰጂ አልልሽም። ይህን ጣሳ ግን ዳግመኛ በቤቴ እንዳላየው» አሉኝ።

ሁለተኛው መብራት የተሠራው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። እንደ መጀመሪያው በርካሽ ዋጋ የተሠራ ነው፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚቆጠብበትን ስፍራና የማይቆጠብበትን ስፍራ ለይቶ ማወቅ ግድ ሆኖብኛል። በመብራቱ አካል፣ በክዳኑና በማያያዣው የቱንም ያህል ቢቆጥቡ የሚመጣው ጉዳት ቢበዛ መልከ ጥፉ መሆን ነው። በግድግዳው ኤሌክትሪክና በውሃው መካከል በሚቆመው ነገር ላይ ግን አንድ ብር እንኳ መቆጠብ አይገባም።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት ለመሆኑ ለዓሣ መብራት ምን ያደርግለታል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እማማም ጠይቀውኛልና። እውነቱን ለመናገር ብርሃኑን ከዓሣው ይልቅ አጥብቆ የሚሻው ተክሉ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1850 ለለንደን የኬሚስቶች ማኅበር ያቀረበው ጽሑፍ ይህንኑ የሚያስረዳ ነው። ዋሪንግተን ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከሚባል ረጃጅም ቅጠል ካለው የውሃ ተክል ጋራ በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖራቸው። የተክሉ አሮጌ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ማበላሸት በጀመረ ጊዜም ያንን የሚበሉ የውሃ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት። ያን ጊዜ ውሃው ሳይለወጥ ጠርቶ ቆየ። ዓሣው የሚተነፍሰውን የተቃጠለ አየር ተክሉ በብርሃን ኃይል እየተመገበ በምትኩ ኦክስጅን ይሰጣል። በጨለማ ግን ተክሉም ራሱ እንደ ዓሣው ኦክስጅን የሚሻማ ይሆናል። ከዚህ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ማለት እ.ኤ.አ. በ1853፣ በለንደን የአራዊት መጠበቂያ ለሕዝብ የሚታይ የዓሣ ቤት ተከፈተ። በዚያን ዘመን ለገንዳ የሚሆነው ብርሃን በአብዛኛው ከፀሐይ የሚገኝ ስለ ነበረ ገንዳውን መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ግድ ነበር፤ ውሃውም በበጋ እየሞቀ አረንጓዴ ይሆንባቸው ነበር። ዛሬም ቢሆን ገንዳን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት መስኮት ሥር ማኖር የማይመከረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ተክል የሚመገበው ሰው በዓይኑ ከሚያየው ብርሃን እምብዛም ያልተለየውን ነው። ከሁሉ ይልቅ ቀዩንና ሰማያዊውን ይወዳል፤ አረንጓዴውን ከእነርሱ አብልጦ መልሶ ስለሚረጨው ቅጠሉ ለእኛ አረንጓዴ ሆኖ ይታየናል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ነጋዴዎች ቀይና ሰማያዊ ብቻ የሚያበራ ሐምራዊ መብራት «ለተክል ልዩ ነው» እያሉ ይሸጣሉ። ተክሉን ያሳድጋል፤ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ወርቃማ ዓሣን በዚያ ብርሃን ያየ ሰው የታመመ ሊመስለው ይችላል። ደኅና ነጭ ብርሃን ቀዩንም ሰማያዊውንም አጣምሮ የያዘ ስለ ሆነ ለተክሉም ለዓይንም ይበቃል። በዕቃው ላይ 6500 የሚል ቁጥርና የኬልቪን ምልክት ካለበት የቀን ብርሃንን የሚመስል ነጭ ነው ማለት ነው። 3000 የሚለው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ተክሉን ባይገድልም ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል።

አሁን ለእንዲህ ያለው ሥራ እጅግ የሚስማማው ኤል ኢ ዲ የሚባለው መብራት ነው። ነጩ ኤል ኢ ዲ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ብርሃን የሚሰጥ ጥቃቅን ፍንጣሪ ሆኖ፣ በላዩ የተቀባው ቢጫማ ቅመም የብርሃኑን ከፊል ስለሚለውጠው በአንድነት ነጭ ሆኖ ይታያል። ሰማያዊውን ፍንጣሪ ለማግኘት ብዙ ዘመን የተደከመበት ሲሆን፣ ጃፓናዊ ተወላጆች የሆኑት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የጥንቱ ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ 5 እጅ ያህሉን ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ዘንግ የሚመስለው ፍሎረሰንትም ቢሆን ሜርኩሪ የሚባለውን መርዝ በውስጡ የያዘ ስለ ሆነ፣ ከውሃ በላይ ቢሰበር የሚያስከትለውን ማሰብ አያዳግትም። ኤል ኢ ዲ ግን በ12 ቮልት ሊሠራ ይችላል። የኔን አሳብ የለወጠው ይህ 12 ቮልት የሚለው ቃል ነው። በግድግዳችን ያለው ኃይል 220 ቮልት ሲሆን እጅን አርጥቦ የነካውን ሰው ሊገድል ይችላል። 12 ቮልት የመኪና ባትሪ ኃይል ነው፤ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ መብራቱን ያበላሽ ይሆናል እንጂ ልጁን አይገድለውም።

በኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫዎች ስትሪፕ የሚሉት፣ እንደ ጥብጣብ የሚጠቀለልና አምፖሎቹ በተርታ የተሰደሩበት ኤል ኢ ዲ አለ። አንዱ ጥቅል 5 ሜትር ነው። እኔ የገዛሁት በአንድ ሜትር 60 ጥቃቅን አምፖል ያለው፣ በጥቅሉም ላይ በሜትር 14.4 ዋት የሚል የተጻፈበት ነው። መቀስ የሚያርፍበት ስፍራ በየሦስት አምፖሉ፣ ማለት በየ5 ሳንቲሜትሩ በመስመር ተለይቷል፤ ከመስመሩ ውጭ የቆረጠ ሰው ሦስቱን አምፖል አጥፍቷል። ለ60 ሳንቲሜትር ገንዳ እያንዳንዱ 55 ሳንቲሜትር የሆነ ሁለት ተርታ ቆረጥሁ። በድምሩ 1 ሜትር ከ10 ይሆናል። ይህንን በ14.4 ብናባዛው 16 ዋት ያህል እናገኛለን፤ 16ን ለ12 ቮልት ብናካፍለው 1.3 አምፔር ይሆናል። ስለዚህ የምንገዛው አዳፕተር፣ ማለት 220ውን ወደ 12 የሚለውጠው ሣጥን፣ ሳይጨነቅ እንዲሠራ 2 አምፔር የሚችል ይሁን። በ1.3 ላይ 1.5 መግዛት ይበቃ ነበር የሚል ይኖራል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጫነ አህያ መንገድ ላይ እንደሚወድቅ ያየ ሰው ግን አይከራከረኝም።

አዳፕተር ሲመርጡ ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛው 100–240 የሚል ጽሕፈት ነው፤ ይህም የግድግዳው ኃይል ሲዋዥቅ ታግሦ እንዲሠራ ነው። ሁለተኛው በትልቅ አራት ማዕዘን ውስጥ ትንሽ አራት ማዕዘን ያለበት ምልክት ነው፤ ትርጉሙም በውስጡ ያለው ሽፋን እጥፍ ስለ ሆነ 220ው ወደ 12ቱ ወገን እንዳይሾልክ ተከልክሏል ማለት ነው። በርካሹ አዳፕተር ላይ ምልክቱ ቢታተምም እንኳ ውስጡ እንደ ጽሕፈቱ ላይሆን ይችላል። ሻጩ ከሁለት ዓይነት ርካሹን ሲያቀርብልኝ ውዱን ስለ ጠየቅሁት፣ «እህቴ፣ ለምንሽ ነው? ለፍሪጅ ነው እንዴ?» አለኝ። ለዓሣ ነው ብለው አያምነኝም ብዬ ዝም አልሁ።

የቀረው ዕቃ እምብዛም ገንዘብ አይፈልግም። የመስኮትና የበር አልሙኒየም የሚሠሩ ወርክሾፖች በየቀኑ ቁራጭ ይጥላሉ፤ 6 ሳንቲሜትር ስፋትና 58 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለውን ጠፍጣፋ ቁራጭ አንዱ ሠራተኛ ለሻይ ብቻ ተቀብሎ ሰጠኝ። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ ለሚሄድ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር በክምር ይገኛል። አልሙኒየም የመረጥሁት ለውበቱ አይደለም። ኤል ኢ ዲ ከባለ ክሩ አምፖል ይልቅ የቀዘቀዘ ቢሆንም ሙቀት አያጣውም፤ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ካላገኘ ዕድሜው ያጥራል። እንጨት ወይም ፕላስቲክ ሙቀቱን አፍኖ ሲይዘው አልሙኒየም ግን ወደ ጀርባው ያስተላልፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አልሙኒየሙን በሳሙና አጥበው፣ ካደረቁት በኋላ በአልኮል ይወልውሉት። ጥብጣቡ በጀርባው የራሱ ሙጫ አለው፤ እርሱን አምኖ የተወ ሰው ግን በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በሙቀትና በእርጥበት ተላቆ ተንጠልጥሎ ያገኘዋል። ስለዚህ በየጫፉና በመካከሉ በሲሊከን ያጠናክሩት። ስለ ሲሊከን አንድ ነገር ልንገርዎ። ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት መስተዋት ለማያያዝ እጅግ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ያው የሚሸተው አሲድ የጥብጣቡን መዳብ ይበላዋል። መዳብ በሚታይበት ስፍራ የማይሸተውን ዓይነት ይጠቀሙ። «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል የተጻፈበትን ደግሞ ከነጭራሹ ወደ ገንዳው አያስጠጉት፤ ሻጋታን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣንም ይጎዳልና። የተቀባው ሲሊከን ቢያንስ 24 ሰዓት ይድረቅ።

ሁለቱን ተርታ ከአንድ ገመድ ጋራ ማያያዝ ትኩስ ብረትና የሚቀልጥ እርሳስ ይፈልጋል። ዕቃው ከሌለዎት በየመንገዱ ያሉት የሞባይል ጠጋኞች በጥቂት ሳንቲም ይሠሩልዎታል። የሰፈራችን ጠጋኝ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። የመደመሩን ምልክት ከመደመር፣ የመቀነሱን ከመቀነስ ጋራ ማገናኘት ነው፤ ቢገላበጥ መብራቱ አልበራም ይላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይበላሽም። የኔን የመጀመሪያ መጋጠሚያ ታሪክ ለሰማ ሰው፣ በእጅ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ሥራ አለመሆኑን መድገም አያስፈልገኝም።

ከሁሉ በላይ የምመካበት ክዳኑ ነው። ከመስተዋት ቤት 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስተዋት በገንዳው አፍ ልክ አስቆረጥሁ፤ አንዱን ማዕዘን ለአየር ቱቦውና ለምግብ መስጫ እንዲሆን አስከፈትሁት፤ ጠርዙንም እጅ እንዳይቆርጥ አሳሸሁት። መብራቱ የሚቀመጠው ከዚህ መስተዋት በላይ ነው። ሁለት ሳንቲሜትር ከፍታ ያላቸው ሁለት የእንጨት እግሮች አበጀሁለት፤ በሥሩ ነፋስ እንዲያልፍም ያደርጋሉ። ከክዳኑ ጋራም አጥብቄ አሰርሁት። አሁን እንፋሎቱ ከመስተዋቱ ሥር ይቀራል፤ መብራቱም ቢወድቅ የሚያርፈው በመስተዋት ላይ እንጂ በውሃ አይደለም። ከክዳኑ ላይ የሚቆየው የውሃ ጠብታ ሲደርቅ ነጭ የኖራ ነጠብጣብ ስለሚተውና ብርሃኑን ስለሚጋርድ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ በጨርቅ ይወለወላል። ይህን ሥራ ቸል ብዬ ሁለት ሳምንት ባልፍ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

በ12 ቮልቱ ወገን ሥጋት የለም ብያለሁ። በ220ው ወገን ግን አለ፤ አዳፕተሩ ከዚያ ጋራ ተገናኝቷልና። አዳፕተሩ ከገንዳው ርቆ፣ ከውሃውም አፍ ከፍ ብሎ በግድግዳ ላይ ይሰቀል። ከገንዳው በታች ወይም ወለል ላይ አይቀመጥ። ገመዱም ከገንዳው ወደ አዳፕተሩ በቀጥታ አይሂድ፤ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ እንደ ገበታ ሐረግ ተንዠርግጎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ውሃ ገመድን ተከትሎ መሄድ ይወዳል፤ ዝቅ ያለው ስፍራ ላይ ሲደርስ ግን ይንጠባጠባል እንጂ ሽቅብ አይወጣም። ከዚህም ሌላ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ኤሌክትሪክ እያመዛዘነ፣ ልዩነት ያየ እንደ ሆነ በቅጽበት የሚቆርጥ ብሬከር አለ። ለሰው መጠበቂያ የሚሆነው 30 ሚሊ አምፔር የሚል የተጻፈበት ነው። ተራው ብሬከር ሽቦ እንዳይቃጠል ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም፤ ሰውን ለመግደል የሚበቃው ኤሌክትሪክ ተራውን ብሬከር አያስነቃውምና። ይህን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገባሁ። ከመብራቱ ሁሉ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የወጣው በዚሁ ነው። ቢሆንም የጥብጣቡ፣ የአዳፕተሩ፣ የመስተዋቱና የብሬከሩ ዋጋ ተደምሮ በሱቅ ከተጠየቅሁት ከግማሽ በታች ነበር። ቁርጥ ዋጋውን አልጽፍም፤ የመርካቶ ዋጋ ቅዳሜና ሰኞ አንድ አይደለምና ይህ ጋዜጣ ከታተመ በኋላ ሐሰተኛ እባላለሁ።

መብራቱን ወደ ገንዳው ከመውሰድዎ በፊት በጠረጴዛ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ አብርተው ይዩት። አዳፕተሩ ለብ ቢል ምንም አይደለም፤ በእጅ ለመያዝ እስኪያስቸግር ቢግል ግን ይለወጥ።

መብራቱ ከተሠራ በኋላ የሚመጣው ፈተና ብዙ ማብራት ነው። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት አበራሁት፤ በአሥረኛው ቀን መስተዋቱን አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ሽበት አለበሰው። አልጌ የሚፈልገው ብርሃንና ከዓሣው ኩስ የሚወጣውን ማዳበሪያ ነው፤ ተክሉ ሊበላው ከሚችለው በላይ ብርሃን ሲመጣ ትርፉን የሚወስደው እርሱ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ብርሃን ፈጽሞ ሲታገድ ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ሐይቅ መታየቱ የተነገረው እንቦጭ ከሚያደርሰው ጉዳት አንዱ የውሃውን ፊት ሸፍኖ ብርሃን ወደ ታች እንዳያልፍ ማድረጉ ነው። በገንዳ ላይም ተንሳፋፊ ተክል እንዲበዛ የተወ ሰው ይህንኑ በትንሹ ያየዋል።

ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ብርሃን ለቤት ገንዳ ይበቃል። አኑቢያስና የጃቫ ፈርን የሚባሉት ተክሎች ጥቂት ብርሃን ይበቃቸዋል፤ ቅጠላቸውም ጠንካራ ስለ ሆነ ወርቃማ ዓሣ ቶሎ አይበላቸውም። ዓሣው በበኩሉ ጨለማ ይፈልጋል። ወርቃማ ዓሣ የዓይን ቆብ የለውም፤ ስለዚህ መብራቱን እኛ ካላጠፋንለት ዓይኑን ሊከድን አይችልም። ሲበራም የክፍሉን መብራት አስቀድሞ ማብራት ጥሩ ነው፤ ከድቅድቅ ጨለማ በድንገት የበራበት ዓሣ ደንግጦ ከመስተዋት ጋራ ይጋጫል።

በየሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ባለ ሰዓት ሶኬት ገዝቼ ነበር። የሚዞረው በዚያው በግድግዳው ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር እርሱም ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዓሦቹን በሌሊት መቀስቀስ ጀመረ። ስለዚህ ትቼው በ12 ቮልቱ ገመድ ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አስገባሁና ሹመቱን ለትንሹ ልጅ ሰጠሁ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ያበራል፤ ወደ መኝታው ሲሄድ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ያጠፋል። እስከ ዛሬ አንድ ቀን ብቻ ረስቷል፤ እርሱም ልደቱ ስለ ነበረ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲያመሽም አይጨነቅም፤ አንድ ማታ ያለ ብርሃን ቢያልፍ ለተክሉም ለዓሣውም ምንም እንዳልሆነ ነግሬዋለሁ። በእንዲህ ያለው ማታ የሚያሳስበኝ የቆመው የአየር መንፊያ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ በባትሪ የሚሠራ መጠባበቂያ እየፈለግሁ ነኝ።

የቆጣሪው ነገር ቀርቶ ነበር። እማማ በወሩ መጨረሻ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ፣ «ልጄ፣ ይኸ የዓሣ መብራት ስንት በላ?» አሉኝ። ወረቀት አውጥቼ አብረን አሰላነው። 16 ዋት በቀን 6 ሰዓት ቢበራ 96 ይሆናል፤ በወር 30 ቀን 2,880 ዋት ሰዓት፣ ማለት 3 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም፤ አዳፕተሩ የሚያባክነውን ብንጨምር እንኳ 3 ተኩል ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዳቸው ደግሞ 3 ሺህ 500 ዋት የሚል ተጽፎበታል። እንግዲህ ዓሦቹ በወር የሚያበሩት፣ እማማ አንድ ሰዓት እንጀራ ሲጋግሩ ከሚፈጀው ኃይል ጋራ እኩል ነው።

እማማ ወረቀቱን ገልብጠው አዩት። ማንበብ እንደማያቅታቸው አውቃለሁ፤ ነገር ግን ስሌቱን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው እንደገና እንዲደምረው አደረጉት። እርሱም በጣቶቹ እየቆጠረ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው።

«እንግዲያው» አሉኝ፣ «ለማድ ቤቱም አንድ ሥሪልኝ። ማታ ምጣዱን ስከድን እጄን አላየውም።»

ከጥቅሉ 3 ሜትር ከ90 ሳንቲሜትር ተርፎኛል። አልሙኒየሙን ነገ ሄጄ እጠይቃለሁ፤ የማድ ቤቱም እንፋሎት ከገንዳው ስለማያንስ መስተዋት ሳይኖረው አይቀርም።